አንድ ስም በሃያ አራት መንገድ፦ የላስታ መጻሕፍትና የመረጃ ቋት የምርጫ ዝርዝር



የዛሬው ርእሴ ከሩቅ ሲታይ የታሪክ ትምህርት ክፍል ጉዳይ አይመስልም። በመረጃ ቋት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ አንድ ሳጥን አለ፤ ሁለት ሦስት ፊደል ሲጻፍበት ተቀራራቢ ስሞችን ዘርግቶ አንዱን እንድንመርጥ ይጠይቀናል። ፍለጋ ያለው የምርጫ ዝርዝር ብዬ ልጥራው። ሳጥኑን መሥራት የኮምፒውተር ባለሙያ ድርሻ ነው። በውስጡ የሚዘረዘሩትን ስሞች መወሰን ግን የታሪክ ተመራማሪ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ ለሌላ ስንተወው ምን እንደምናጣ በላስታ መጻሕፍት አስረጂነት ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመታቱን፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናገራለሁ።

አንድ ተማሪ የብራና መጽሐፍ መረጃ ሊመዘግብ ተቀምጧል እንበል። "ቦታ" በሚለው መስክ ላይ "ላሊበላ" ብሎ ጻፈ። የትኛው ላሊበላ? ላሊበላ ንጉሥ ነው፤ የመንግሥት ስሙም ገብረ መስቀል ይባላል። ላሊበላ ከተማ ነው፤ ቀድሞ ሮሐ ይባል የነበረ። ላሊበላ የአብያተ ክርስቲያናቱ የጋራ መጠሪያም ነው፤ ጠያቂ "ላሊበላ ሄጄ ተሳለምሁ" ሲል ቤተ ማርያምን ይሁን ቤተ ጊዮርጊስን አይለይም። ገድሉንም "ላሊበላ" ብለው የሚጠሩ ሞልተዋል። ችግሩ በከተማው ብቻ አያበቃም። ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ነው፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያንም ነው። ነአኩቶ ለአብም እንዲሁ። በላስታ የሰው፣ የቦታና የደብር ስም አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይኖራል፤ ለአገሬው ሰው ይህ ችግር ሆኖበት አያውቅም፤ ከንግግሩ ዐውድ ይለየዋልና። ቅጽ ግን ዐውድ የለውም።

የአጻጻፉ ነገር ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። "መድኃኔ ዓለም" የሚለውን ስም እንውሰድ። ሦስተኛውን ፊደል በአማርኛ አንባቢ ጆሮ ሳይለወጥ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ብለን ልንጽፈው እንችላለን፤ ስድስት መንገድ ሆነ። የ"ዓለም"ን መነሻ ደግሞ አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፤ አራት መንገድ። ስድስት ጊዜ አራት ሃያ አራት ነው። ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ የሚጽፍ ሲኖር አርባ ስምንት ይሆናል። የግእዝ ሊቃውንት ከእነዚህ መካከል ትክክለኛው አንድ መሆኑን ያስተምራሉ፤ እኔም በዚህ አልከራከራቸውም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ በየፊደሉ ቁጥር ብቻ ስለሚያውቅ፣ በነጻ መስክ ላይ የተጻፉ ሃያ አራት ስሞች ለእሱ ሃያ አራት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ይህ ለብራናው ታማኝነት የግድ ነበር፣ ለፍለጋ ግን ዕዳ አመጣ።

ዝርዝር መሥራት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ በወሎ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍትን ስም የሚዘረዝር ጽሑፍ ይዟል። ዕቃ ቤት ጠባቂው ያን ዝርዝር የሚያነብበው ያለውንና የጎደለውን ለማወቅ ነበር፤ ስሞቹም በገዳሙ ውስጥ የተለመዱ ስለነበሩ ማንም አይስታቸውም። አንድ ቤት፣ አንድ ዝርዝር፣ አንድ አንባቢ ማኅበር። ችግሩ የመጣው ዝርዝሮቹ ብዙ ቤቶችን ማገናኘት ሲኖርባቸው ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት በለንደን ተመዝግበው የራይት ካታሎግ በ1877 ታተመ፤ በዚያው ዓመት የዞተንበርግ ካታሎግ በፓሪስ ወጣ። ሁለቱ በየራሳቸው ቁጥር ስለሚሄዱ አንድን ድርሰት በሁለቱም ውስጥ ለማግኘት የተመራማሪው ትዕግሥት ብቻ ነበር ድልድዩ።

ከዚያ በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በምሕጻር ኢኤምኤምኤል የምንለው። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ካታሎጉን በመጀመሪያ ዊልያም ማኮምበር፣ በኋላም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አዘጋጁት። የጌታቸውን ካታሎግ የተጠቀመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ የተአምራት፣ የድርሳናትና የቅዱሳን ስሞች በሺሕ በሚቈጠሩ መግለጫዎች ውስጥ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ምሥጢሩ ቴክኖሎጂ አልነበረም። የምርጫ ዝርዝሩ በአንድ ሊቅ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ፍለጋውም እዚያው ይካሄድ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሀብት ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

የታተመው ካታሎግ በዐሥር ቅጾች ከቁጥር 1 እስከ 5000 ሄዶ ቆመ። ለላስታ ይህ ትርጉም አለው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት በፊልም የተነሡት ዘግይተው ነው፤ በቤተ መድኃኔ ዓለም የሚገኘው ወንጌል ለምሳሌ 6907 የሚል ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ከታተመው ካታሎግ ውጭ ቀርቷል፤ ተማሪዎቻችንም እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት የሚደርሱባቸው በአብዛኛው በመረጃ ቋት በኩል ነው። የካታሎጉ ገጽ ስሕተት ቢኖርበት ገልጠን እናየዋለን። በቋቱ ውስጥ በተሳሳተ ስም የተመዘገበ መጽሐፍ ግን ስሕተቱን እንኳ አያሳይም፤ በፍለጋው ውጤት ላይ ሳይመጣ ይቀራል፤ ያልመጣውንም ማንም አይጠይቅም።

ይህ ወንጌል ቀላል መጽሐፍ አይደለም። የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ ተጽፎበታል። ከእሱ ሌላ በሽመዛና በደብረ ሊባኖስ ወርቃማ ወንጌል ውስጥ የዚሁ ንጉሥ ስጦታዎች አሉ፤ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 ያሳተማቸው። ማሪ ሎር ዴራ በ2010 ባወጣችው ጥናት በስጦታዎቹ ውስጥ ከተጠቀሱት ቦታዎች ተነሥታ በዐሥራ ሁለተኛውና በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገናኛ ላይ የነበረውን መንግሥት መልክዐ ምድር ለመተንተን ሞክራለች። ልብ በሉ፤ ስለ ዛጔ ዘመን ያለን በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። ንጉሡ የት ድረስ ያዝዝ ነበር ለሚለው ጥያቄ መልሱ የተንጠለጠለው በጥቂት የቦታ ስሞች ላይ ነው። አንድ መዝጋቢ ከብራናው ያነበበውን ቦታ ከምርጫው ዝርዝር ውስጥ ካገኘው ተመሳሳይ ስም ጋር ቢያጋጥመው፣ በአንድ የጣት ንክኪ የመንግሥቱን ወሰን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያሻግረዋል። በግርጌ ማስታወሻ ላይ "ይመስለኛል" ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ ጥርጣሬውን ያሳውቃል። ሳጥኑ ይህን ቃል አያውቅም።

ዛሬ በዚህ መስክ ቀዳሚ የሆነው ከ2016 ጀምሮ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት የሚካሄደው ፕሮጀክት ነው። ስሙ "ቤተ መጻሕፍት" ነው፤ በአማርኛ ስትፈልጉት የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ስለሚመጣላችሁ ራሱ የዛሬው ንግግሬ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። በዚያ አሠራር መዝጋቢው የድርሰቱን ስም ብቻ ጽፎ አይተወውም፤ መለያውን ፈልጎ ያስገባል። ድርሰት፣ ሰው፣ ቦታና ተቋም የየራሳቸው የመለያ ዓይነት አላቸው። ንጉሡ ይምርሐነ ክርስቶስ በሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያኑ በተቋማት ዝርዝር ይገባል፤ ስሙ አንድ፣ መለያው ሁለት ነው። ሮሐና ላሊበላ ደግሞ በተቃራኒው፦ ስሙ ሁለት፣ መለያው አንድ ሊሆን ይችላል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍሩ የተሰጣቸው ቁጥር 18 ነው፤ በየትኛውም ቋንቋና ፊደል ብትጽፏቸው ያ ቁጥር አይለወጥም። የመለያ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ፍለጋው በአገር ልጅ እጅ ሲሠራ ታዲያ ምን ይጠይቃል? ከመለያው ጀርባ ስሙ የተጻፈባቸው መልኮች ሁሉ መከማቸት አለባቸው። ፈላጊው "መድሀኔ አለም" ቢል ሳጥኑ ሞክሼዎቹን በውስጡ አንድ አድርጎ ማመሳሰል፣ ለዕይታ ግን ትክክለኛውን አጻጻፍ ማሳየት ይኖርበታል። ማመሳሰሉ ለፍለጋ ብቻ ይሁን፤ ብራናው ላይ ያለውን ጽሑፍ "ለማስተካከል" የሚነሣ ሥርዓት ሲያጋጥማችሁ ሽሹት። የጸሐፊው የፊደል ልማድ ዘመኑንና ትምህርቱን ሊጠቁም ይችላል፤ ያን ማጥፋት ማስረጃ መፋቅ ነው።

የአስተዳደር ስሞች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ላስታ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበረ። ዛሬ ላስታ በሰሜን ወሎ ዞን ያለ ወረዳ ስም ነው፤ ይህም ወረዳ ቀድሞ ከቡግና ጋር አንድ ነበር። የዛሬውን የወረዳ ዝርዝር ብቻ የያዘ ቅጽ ለመዝጋቢው "ላስታ" የሚል ምርጫ ያቀርብለታል፤ አሮጌው ሰነድ ግን "ላስታ" ሲል አውራጃውን፣ ከዚያም በፊት ሰፊውን ደጋ ማለቱ ነው። ቃሉ ስለተገኘ መዝጋቢው ረክቶ ያልፋል። በእኔ ግምት ከባዶ ሳጥን ይልቅ የሚያሳስት ይህ ነው፤ ባዶው ቢያንስ ያስጠይቃል።

በ1997 አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ወደ ቤልጅየም መሸጡን፣ በ2001ም መመለሱን ታስታውሳላችሁ። አፍሮ አይገባ የራሱ ስም ያለው፣ ሕዝብ የሚያውቀው መስቀል ነው። "ብራና፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ላሊበላ" ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ ቢጠፋ በምን ስም ይጠየቃል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ምዝገባው ግን የሚያስጥለው ዕቃውን ከሌላው የሚለይ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ለዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቅጹ ለእያንዳንዱ ስም ሁለት መስክ ይኑረው፦ በአንዱ ብራናው እንዳለው ፊደል ሳይለወጥ ይጻፍ፤ በሌላው ከዝርዝሩ የተመረጠው መለያ ይግባ። ዝርዝሩ መውጫ በር ይኑረው፤ መዝጋቢው "በዝርዝሩ የለም" ወይም "እጠራጠራለሁ" ብሎ ማለፍ ይቻለው፤ እነዚህም በየወሩ ለሚመለከታቸው ሊቅ ይቅረቡ። የላስታ ካህናት የአንድን ቦታ አሮጌ ስም ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ከዝርዝሩ አዘጋጆች መካከል ሊቈጠሩ ይገባል፤ እስከ ዛሬ የምንጠይቃቸው በፊልም ማንሻው ቀን ብቻ ነው። ምርጫውን ማን እንደመረጠና መቼ እንደመረጠም ይመዝገብ። የ6907ን የቦታ ስሞች ከእኔ በኋላ የሚያይ ተማሪ ምርጫዬን ቢሽር ደስ ይለኛል፤ ለመሻር ግን ብራናው ያለውንና እኔ ያልሁትን ለያይቶ ማየት አለበት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።