ቀይ አፈርና የዘር ሐረግ፤ የዝሆኔ በሽታ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ እንጅባራ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የዘንገናን ሐይቅ ያገኛል። ሐይቁ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ የተጠራቀመ ነው። መንገደኛው የሚያደንቀው ውሃውን ነው፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አፈሩን ነው። የአገው ምድርም ሆነ የቀረው የጎጃም ደጋ አፈር በብዛት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ይህን አፈር በባዶ እግሩ ሲረግጥ ከኖረው ባላገር መካከል እግሩ የሚያብጥ፣ ቆዳውም የሚሻክር ሰው አይታጣም። በሽታው ዝሆኔ ይባላል።

ስለ ምክንያቱ አገሩ የራሱ ፍርድ አለው፤ ይኸውም «የዘር ነው» የሚል ነው። ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠር ዝሆኔ ያለበት ቤት ይታለፋል፤ እግሯ ደኅና የሆነች ልጅ እንኳ በአጎቷ እግር ምክንያት ሳትታጭ ትቀራለች። ፍርዱ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ በሽታው በእርግጥ በአንዳንድ ቤተ ዘመድ ይበረታል። ጥያቄው ዘር ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለው ነው።

ሐኪሞች በበኩላቸው በሌሎች ሞቃት አገሮች እንዳዩት ዝሆኔን ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል ጋር ያያይዙት ነበር። ይህ ግን ለደጋችን የሚስማማ ምክንያት አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኦመን የተባሉ ሐኪም የበሽታውን ስርጭት በኢትዮጵያ አጥንተው አሳተሙ። ቀጥሎም በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ቀዩን የእሳተ ገሞራ አፈር ተከትሎ እንደሚሄድ አስረዱ፤ «እግር» እና «ትቢያ» ከሚሉ የግሪክ ቃላትም ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት። የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድን በእግር ቆዳ ዘልቆ ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ሥሮች ያስቆጣል፤ ሥሮቹም ሲደፈኑ እግር ያብጣል። በጣም የሚያስገርመን ግን ይኸው ማዕድን በበሽተኞቹ ብቻ ሳይሆን በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ጤነኞች የብሽሽት ዕጢም ውስጥ መገኘቱ ነው። እንግዲህ አፈርም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

የቀረው ድርሻ የተገለጠው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳየ፤ የዘርንም ድርሻ ከመቶ 63 እጅ ገመተ። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ሕዝብ ላይ ባደረጉት ምርምር ኤች ኤል ኤ በሚባሉት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ እንዲከላከል በሚረዱት ጂኖች አካባቢ የተጋላጭነቱን ምልክት አገኙ።

የ63ቱን ቁጥር አንባቢ በጥንቃቄ እንዲያየው እንለምናለን። ከአንድ ሰው እብጠት 63 እጁ የዘር፣ 37 እጁ የአፈር ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ክፍፍል ከቶ የለም። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ዓይነት አፈር ላይ በባዶ እግር በሚኖር ሕዝብ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ሕዝቡ ሁሉ ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ ጂኑ እዚያው እያለ በሽታው አይታይም። ይህም ግምት ብቻ አይደለም፤ በሽታው ቀድሞ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በካናሪ ደሴቶች ነበረ፤ ጫማ ሲለመድ ጠፋ። የሰው ዘር በአንድ ሁለት ትውልድ አይለወጥም፤ የተለወጠው እግሩ ላይ ያለው ነው።

በአገራችን ግን ገና አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከመቶ 3.3 ያህሉ እንደታመሙ ቆጥሯል። «የዘር ነው» የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ በሽተኛው እግሩን ይሸሽጋል፣ ቤተ ዘመዱም ስሙ እንዳይነሣ ሐኪም ቤት ከመውሰድ ያመነታል። ሕክምናው ግን ቀላል ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተካፈሉበትና በ2018 የታተመ ሙከራ እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ እብጠቱን በፋሻ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ሕመም እያስከተለ የሚመላለሰውን የእግር ቁጣ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።