ቮልሷን ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ አራት ፎቶ በውስጥ መስመር ላከልኝ። መካኒሳ፣ አንድ ግቢ ጥግ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የለበሰች፣ አራቱም ጎማዋ የተኛ ቮልስ። «ቲቸር፣ እርስዎ የድሮ ነገር ያውቃሉ፤ ገዝቼ ላድሳት ወይስ ልተዋት?» ይላል። ያጠራቀማት ገንዘብ ሌላ መኪና አትገዛም፤ ይቺን ግን ትገዛለች። ባለቤቱ ደግሞ «በልጆቹ ገንዘብ ዝገት ልትገዛ ነው» ብላዋለች። ሻጮቹ «ሌላ ሰው መጥቷል፣ ቀብድ ጣል አድርግ» እያሉ ያጣድፉታል። መልሴ ስለረዘመና ሌሎቻችሁም አልፎ አልፎ ስለምትጠይቁኝ እዚህ ለጠፍኩት።

አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና «ክላሲክ» ትባላለች። እዚያ የተረፈችው፣ እኩዮቿ ተጨፍልቀው ብረት ሲሆኑ አንድ አፍቃሪ ጋራዥ ውስጥ ስለሸሸጋት ነው። እኛ ጋ የተረፈችበት ምክንያት ሌላ ነው። ጡረታ የሚያወጣት አልተገኘም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ቮልስ አዲስ አበባን የለመደችው በ1950ዎቹ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ጉልበት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። 34 የፈረስ ጉልበት አለኝ የምትለው 1200 ቮልስ እዚህ ስትደርስ ሃያ ምናምን ብቻ ይቀራታል ማለት ነው። ግን ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ሌላው መኪና ዳገት መሃል ኮፋኖውን ከፍቶ ውሃ ሲለምን እሷ እየተነፋፋች ቀስ ብላ ታልፋለች። ሞተሩ ከኋላ፣ ከሚያሽከረክረው ጎማ በላይ ስለተቀመጠ ጭቃ ላይ ትይዛለች። ጎረቤት አገር በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ላይ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 (እ.ኤ.አ.) አንደኛ የወጣችው እሷው ናት። የኛ መንገድም ከኬንያው ብዙ አይሻልም ነበር። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ ጸሐፊው፣ ወጣቱ መኮንን ደሞዙን አብቃቅቶ የሚደርስባት መኪና እሷ ሆነች።

ምን ያህል ተራ መኪና እንደነበረች የሚያሳየኝ አንድ ጠዋት አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጃንሆይን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሲወስዳቸው፣ የተሳፈሩት ቮልስ ላይ ነው። ቀለሟን አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ ይላል። ሮልስ ሮይስ ያሰለፉ ንጉሠ ነገሥት፣ የፊት ወንበሯ ወደ ፊት ታጥፎላቸው ወደ ኋላ ወንበር ገቡ፤ ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነውና ያላት። አንዳንዱ ለማዋረድ ታስቦ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይበልጥ የሚታየኝ፣ ያን ቀን አንድ መኮንን እጁን ዘርግቶ ቢፈልግ በቀላሉ የሚያገኛት መኪና ይቺው መሆኗ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእጥረት ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪው በመንግሥት እጅ ገባ፤ ለግል መኪና ማስገቢያ የሚተርፍ አልነበረም። ቤንዚን በኩፖን የታደለበት ጊዜም ነበር። ላዳ መጣች፤ ብዙዎቹ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ ሆኑ። ቮልስ ያለው ቮልሱን ይዞ ተቀመጠ። ኢሕአዴግ ሲገባ ያገለገለ የጃፓን መኪና ጎረፈ፤ ያኔ ነው ብዙዎቹ ቮልሶች ወደ ግቢ ጥግ የተገፉት። በ2012 ደግሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣ፤ አሮጌ መኪና ለማስገባት ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ጥር 2016 ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እንግዲህ ግቢ ጥግ የተረሳችው ቮልስ ድንገት «ዋጋ ያላት» የሆነችው በዚህ ነው። እሷ አልተለወጠችም፤ በሩ ነው ከኋላዋ የተዘጋው። (በጎን ለመናገር ያህል፦ የዛሬ ልጆች «ቮልስ» ሲባሉ ከቻይና የምትመጣዋ ኤሌክትሪክ አይዲ 4 ናት ትዝ የምትላቸው። ስሙም ተወርሷል።)

ታሪኩን ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። ቮልሷን ስትመረምር ምን እንደምትፈልግ የሚነግርህ እሱ ነው። ያለ እረፍት ስትሠራ የኖረች መኪና ናት፤ ሞተሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ወርዶ ተሠርቷል፣ ፓራፋንጎዋ ከሌላ ቮልስ የመጣ ነው፣ ቀለሟን ብትፍቀው ሌላ ቀለም፣ ከሥሩም ሌላ ታገኛለህ። የፊት መብራቷ ቀጥ ብሎ ከቆመና ቤንዚን የሚሞላው ኮፋኖ ሳይከፈት ከውጭ ከሆነ ከነሐሴ 1967 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠራች ናት፤ መብራቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ከዚያ በፊት። አንዲት መኪና ላይ ሁለቱም ምልክት ሲደባለቅ ካየህ ሁለት መኪና አንድ ላይ ተሰፍቷል ማለት ነው። «ኦሪጅናል» የምትባል ቮልስ ፍለጋ የሚንከራተት ሰው እዚህ አገር ብዙ ይደክማል። እኔ የተሰፋችዋን አልንቅም፤ የከተማችን ጋራዥ ታሪክ ያለው እሷ ላይ ነው።

ሞተሩ አያስጨንቅህ። ይህን ስል ሁሉም ሰው ይገረማል፤ ሻጩም ገዢም መጀመሪያ የሚያወራው «ትነሳለች ወይ?» ነው። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ነው የተያዘው፤ አንድ ደህና መካኒክና አንድ ረዳት በግማሽ ቀን ያወርዱታል። ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። መለዋወጫም አልጠፋም፤ ይቺ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሶማሌ ተራ ያጣኸውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞልህ ይመጣል። ሞተሩን ለመፈተሽ ያህል፣ ጠፍቶ እያለ ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ ያዝና ወደ ፊት ወደ ኋላ ግፋ ሳብ አድርገው። በግልጽ ኳ ኳ ካለ የውስጥ ሥራ አለበት፤ ከዋጋው ላይ ቀንስ። አደራ፣ ለማስነሳት ከመሞከራችሁ በፊት የቤንዚን ጎማው ይቀየር። ለዓመታት የደረቀ ጎማ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል፤ በዚህ የተቃጠለች ቮልስ ጥቂት አይደለችም።

ላሜራው ነው ዋናው ጉዳይ። አዲስ አበባ ለብረት ደግ ከተማ ናት፤ ባሕር የለም፣ እንደ አውሮፓ ክረምት መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። የምትነዳ ቮልስ እዚህ ብዙ ትቆያለች። የምትበሰብሰው የቆመችዋ ናት፤ በተለይ አፈር ላይ የቆመች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሥር እርጥበት የምትጠጣ። ስለዚህ ባትሪና ካቻቪቴ ይዘህ ሂድ። (ባትሪ ያልኩት የእጅ መብራቱን ነው።) የኋላውን መቀመጫ አንሳ። የመኪናው ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ፣ በስተቀኝ ነው፤ አሲዱ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላዋል። ካቻቪቴውን ጫን አድርግ። ከገባ ወለሉ ይቀየራል፤ ወለል መቀየር የታወቀ ሥራ ነው፣ አትደንግጥ። ከዚያ ከበሮቹ ሥር ያለውን፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ክፍት ብረት እንካ። የሙቀት አየር የሚያልፍበት ነው፤ መኪናዋንም ቀጥ አድርጎ የሚይዛት እሱ ነው። እሱ ካለቀ በሩን ስትከፍት ዝቅ ይላል፣ ስትዘጋው አይገጥምም። ሁለቱም ጎን ካለቀ እኔ ብሆን አልገዛም። ስቱኮ ተለብጦ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ማግኔት ይነግርሃል፤ ስቱኮ ላይ ማግኔት አይዝም።

የላሜራ ሥራ ቋንቋው ራሱ ታሪክ ነው፤ ላሜራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቪቴም ሳይቀር ከጣልያን የተወረሱ ናቸው። ጎፋና ሳሪስ ያሉ የጋራዥ ልጆች ቀኑን ሙሉ በጀርመን መኪና ላይ ጣልያንኛ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ሳያውቁት።

ከላሜራውም የሚከፋው ወረቀቱ ነው። ግቢ ጥግ የቆመች ቮልስ ሁሉ ማለት ይቻላል ያላለቀ ውርስ ናት። አባት አረፉ፤ አንዱ ልጅ አሜሪካ፣ አንዷ ጣልያን፣ አንዱ እዚሁ። መኪናዋን ማንም አልሸጣት፣ ማንም አልነዳት። የተማሪዬም ጉዳይ ይኸው ነው፦ ሊብሬው በሟች ስም ነው፣ ወራሾቹ አራት ናቸው፣ ከአንደኛው ጋር ከተነጋገሩ ቆይተዋል። እንግዲህ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል፤ ውጭ ያሉት በኤምባሲ በኩል ውክልና ይልካሉ፤ ከዚያ ነው ውልና ማስረጃ ሄዶ መፈራረም። ያ አንድ ወራሽ ካልፈረመ የገዛኸው መኪና ሳይሆን ክርክር ነው። ስለዚህ ቀብድ አትስጥ አልኩት። መጀመሪያ የኋላ መቀመጫው ሥር፣ መሃል ወለሉ ጉብታ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ጠርገህ አንብብ፤ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። የሞተር ቁጥሩንም እንደዚሁ፤ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ስታዛውር ያቆሙሃል። ቁጥሩ ገጥሞ፣ አራቱም ፈርመው፣ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ጤነኛ ከሆነ ግዛት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባለቤትህን ስማ።

አንድ ነገር ግን በሂሳቡ ውስጥ አስገባ፦ የማሳደሻው ወጪ ከመግዣው ሊበልጥ ይችላል፤ መልሰህ ስትሸጣት የማይመለስም ይኖራል። አትርፌ እሸጣታለሁ የሚል ሰው ይተዋት። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስባት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ መዋል የማይሰለቸው፣ ግቢ ያለው ይውሰዳት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ቮልስ ማደስ ከባድ ነው፤ ጎረቤት ያጣላል።

ስትታደስም ሁሉ ነገሯ አይፋቅ። ቢያንስ አንድ ቦታ፣ ኮፋኖዋ ሥር ወይም በሯ ውስጥ፣ የድሮዎቹ ቀለሞች ተደራርበው እንዲታዩ ይተው። በንጉሡ ዘመን የተሰጠ ሊብሬ ወይም የዚያን ጊዜ የቤተሰብ ቮልስ ፎቶ ያላችሁ፣ የግል መረጃውን ሸፍናችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። የዘመኑን እየለየሁ ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ።