የጃባሊ ክርክር

ራማያናን ሳስተምር ተማሪዎቼ በጉጉት የሚጠብቁት ዐሥር ራስ ያለውን ራቫናን ነበር። እኔን የሚይዘኝ ግን አንድ ምላሰኛ ብራህሚን ነው፤ ጃባሊ ይባላል።

ንጉሥ ዳሻራታ ለሚስቱ ለካይኬዪ በገባው ቃል ተይዞ የበኩር ልጁን ራማን ለ14 ዓመት ወደ ጫካ ሰደደ፤ ራሱም በሐዘን ሞተ። ዙፋኑ የተሰጠው ታናሽ ወንድም ባራታ አሻፈረኝ ብሎ፣ ራማን ሊመልስ ቺትራኩታ ድረስ ሄደ። ጃባሊም አብሮ ነበር። ሙት ከቃል ምን ይጠቀማል? ከዚህ ዓለም ሌላ የለም፤ የምታየውን ያዝ፣ ንገሥ ነው የሚለው ባጭሩ። ለሙታን የሚቀርበውንም ምግብ አልማረም፤ አንዱ የበላው ለሌላው የሚደርስ ከሆነማ መንገደኛ ስንቅ ለምን ይይዛል? (ተዝካር ለምናወጣ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።)

ራማ ተቆጣ። እንዲህ ያለውን ሰው ያስጠጋ ብሎ ሟች አባቱን ሳይቀር ወቀሰ። ጃባሊም አንተን ለመመለስ ብዬ ነው ብሎ ሸርተት አለ።

እንዲህ የሚያስቡ፣ ቻርቫካ የሚባሉ ሰዎች በጥንታዊት ሕንድ ነበሩ። የራሳቸው መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ስለነሱ የምናውቀው በአብዛኛው ከባላንጣዎቻቸው ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ማድሃቫ አንዱ ነው። ታዲያ የጃባሊ ክርክር፣ ያውም ራማን በሚያወድስ መጽሐፍ ውስጥ፣ ሳይፋቅ መቆየቱ አይደንቅም? እኔስ ያለ እሱ ራማ ምን እንደተወ በቅጡ አይገባኝም ነበር።

ባራታ የወንድሙን ጫማ ይዞ ተመለሰ። በዙፋኑ ላይ አኑሮት፣ በራማ ስም 14 ዓመት አስተዳደረ።