ወደ ጣና ከመውጣት በፊት፦ የሐይቁን ነፋስና ሞገድ አስቀድሞ ማወቅ

ባሕር ዳር፦ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጣና ሐይቅን ከዳርቻው ቆሞ የተመለከተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የረጋ ውኃ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ግን ያው ውኃ ነጭ አረፋ ለብሶ ሊገኝ ይችላል። መረቡን ሊያነሳ ማለዳ የወጣው ዓሣ አስጋሪ፣ ለገበያ እንጨት ጭኖ ከዘጌ የተነሣው ባለ ታንኳ፣ ለንግሥ በዓል ወደ ገዳማቱ የተሻገረው ምእመን ሁሉም የሚሄዱት በረጋው ሰዓት፣ የሚመለሱት ደግሞ ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በጣና ላይ የሚደረግ ጉዞ መመዘን ያለበት በመነሻው ሰዓት ሳይሆን በመመለሻው ሰዓት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሐይቁ ሞገድ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በየትኛው ወቅትና ሰዓት እንደሚበረታ፣ የአየር ትንበያን ለውኃ ጉዞ እንዴት ማንበብ እንደሚገባ እና ችግር ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንደሚቻል በአጭሩ ያስረዳል።

የጣና ሞገድ ከየት ይመጣል?

በውቅያኖስ ዳርቻ የሚደርሰው ሞገድ ብዙ ጊዜ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በተነሣ ማዕበል የተፈጠረ ነው። በሰሌዳ ላይ ቆመው በሞገድ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ከባሕር በታች ባለ ዐለት ላይ የሚሰበረውን ሞገድ ከቀናት በፊት አውቀው የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው። ጣና ግን ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ የለውም። የዛሬው ሞገድ የዛሬው ነፋስ ውጤት ነው፤ ነፋሱ ሲነሣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያድጋል፣ ሲበርድም አብሮ ይበርዳል።

የሞገዱን መጠን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው። እነርሱም የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፈሰበት የጊዜ ርዝመት፣ ነፋሱ ያለ ከልካይ በውኃው ላይ የተጓዘበት ርቀት እና የውኃው ጥልቀት ናቸው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ነፋሱ በታንኳውና በቀዛፊው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በትንበያ ላይ ትንሽ የምትመስል የቁጥር ጭማሪ በውኃ ላይ ትንሽ አይደለችም።

ርቀቱም እንዲሁ ነው። ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ሐይቁ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ በስሌት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሞገድ ያስነሣል። ይኸው ነፋስ ለሰዓታት ጸንቶ 60 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ ሞገዱ ወደ 1 ሜትር ይደርሳል።

ጥልቀቱ ደግሞ የሞገዱን ጠባይ ይለውጣል። ጣና በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ቢሆንም እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሐይቅ ላይ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው በ4 ሴኮንድ ገደማ ይከተላል። የውቅያኖስ ሞገድ ከፍ ያለ ቢሆንም መርከቧን ቀስ ብሎ አንሥቶ ቀስ ብሎ ያወርዳታል። የጣና ሞገድ ግን ታንኳውን ከአንዱ ሳያላቅቅ በሌላው ይመታዋል፤ ቀዛፊው የገባውን ውኃ የሚቀዳበት ጊዜ አያገኝም።

የየዕለቱ ዑደት

ቀን ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል። በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲነሣ በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ሌሊት የብሱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጥና ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይሆናል። የቀኑ ነፋስ ረፋድ ላይ ይጀምርና ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርዳል።

ከዚህ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ማለዳ ከዳርቻ ሆኖ የሚታየው እርጋታ አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ነው። ነፋሱ ከጀርባችን፣ ከየብሱ በኩል ሲነፍስ ሞገዱ የሚያድገው ከዳርቻው እየራቀ ሲሄድ ነው። በእግራችን ሥር ያለው ውኃ የተረጋጋ ሆኖ ሳለ መካከሉ ሊናወጥ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ሰው በደቡቡ ዳርቻ ሞገዱን ከኋላው ይዞ የሚመጣ መሆኑ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሞገድ ጉዞውን የሚያፈጥን ይመስላል። ነገር ግን የታንኳውን የኋላ ጫፍ አንሥቶ ወደ ጎን ሊያዞረው ይችላል፤ ጎኑን ለሞገድ የሰጠ ታንኳ ደግሞ ለመገልበጥ ቅርብ ነው።

የወቅቶች ጠባይ

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ማለዳው ቀዝቃዛና የተረጋጋ ሲሆን የቀኑ ነፋስ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ከሌሎቹ ወቅቶች ይልቅ አስቀድሞ ለመገመት የሚቀለው ይህ ጊዜ ነው።

ከየካቲት እስከ ግንቦት የብሱ በእጅጉ ስለሚሞቅ የከሰዓት በኋላው ነፋስ ይጠነክራል። በዚሁ ጊዜ የሐይቁ ከፍታ እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። በመስከረም በቂ ውኃ የነበረበት መተላለፊያ በግንቦት ድንጋዩ ሊቀርብ ይችላል። ብዙ ሕዝብ ወደ ዘጌ የሚሻገርበት የኡራ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16 ቀን ክብረ በዓልም በዚህ ወቅት ውስጥ የሚውል በመሆኑ፣ የመመለሻ ሰዓትን ከቀትር በፊት ማድረግ ወይም እስኪበርድ መቆየት ይመረጣል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዋናው ስጋት የነጎድጓድ ዝናብና ከእርሱ ጋር የሚመጣው ወጀብ ነው። በተፋሰሱ ተራሮች ላይ ዝናቡ ይበልጥ ከሰዓት በኋላ የሚጥል ሲሆን፣ በሐይቁ ላይ ግን ወደ ሌሊት ያዘነብላል። ስለዚህ ምሽት መረብ ለመጣል የሚወጣ ሰው ከፀሐይ መጥለቅ ጋር ነፋሱ ይበርዳል በሚለው ልማድ ብቻ መተማመን የለበትም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በጎርፍ ሲሞሉም ግንድና ቁጥቋጦ ይዘው ወደ ሐይቁ ይገባሉ።

የሚበረቱና የሚከለሉ ስፍራዎች

ሞገድ የውኃው ጥልቀት ከራሱ ከፍታ ብዙም ወደማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ ይሰበራል። 1 ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ በግምት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይናዳል። በመሆኑም አደገኛው ቦታ የሐይቁ መካከል ብቻ አይደለም።

የወንዞቹ መግቢያዎች ደለል የተከማቸባቸው በመሆናቸው ሞገዱ ከዳርቻው ርቆ ሳለ መሰበር ይጀምራል። የደቡቡ ጫፍ ደግሞ ሐይቁን በገደበው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። በዓባይ መውጫ አካባቢ ከውኃ በታች ያለው ዐለት ሞተር ጀልባንም ታንኳንም ሊጎዳ ይችላል። ይህ ዐለት ሞገድ ሲነሣ በአረፋው ይታወቃል፤ ውኃው ሲረጋ ግን አይታይም።

በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በብዛት የሚገኘው እምቦጭ ሌላ ጠባይ አለው። አረሙ ሞገዱን ያለዝባል፤ ነገር ግን በነፋስ እየተነዳ ቦታውን ይቀይራል። ማለዳ ክፍት የነበረ መግቢያ ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ፣ የሞተሩ መዘውር በሥሩ ተጠላልፎ ሊገኝ ይችላል።

ከለላውም የታወቀ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ የደቅ ደሴት ደቡባዊ ጎን ይበርዳል። በማንኛውም መንገድ ላይ ከመነሣት በፊት በየትኛው ነፋስ የትኛው ደሴት ወይም የየብስ ጫፍ መጠጊያ እንደሚሆን መወሰን ይገባል።

ነፋሱን በዓይን መለካት

መሣሪያ የሌለው ሰው የውኃውን ገጽ አይቶ የነፋሱን ፍጥነት መገመት ይችላል። መርከበኞች የሚገለገሉበት የቦፎርት መለኪያ እንዲህ ይላል።

• በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር በታች፦ ውኃው ይሸበሸባል፤ አረፋ የለም።
• ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር፦ የሞገዱ ጫፍ መሰበር ይጀምራል፤ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ይታያል።
• ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር፦ ነጩ አረፋ ይበዛል።
• ከ29 እስከ 38 ኪሎ ሜትር፦ ነጭ አረፋ በሁሉም አቅጣጫ ይታያል፤ ፍንጣቂ ውኃ ይነሣል።
• ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር፦ ትላልቅ ሞገዶች ይፈጠራሉ፤ ፍንጣቂው ይበረታል።

መለኪያው ለሰፊ ባሕር የተዘጋጀ በመሆኑ በሐይቅ ላይ የሞገዱ ከፍታ ያንሳል፤ የአረፋው ምልክት ግን ያገለግላል። ለደንገል ታንኳ መወሰኛው የመጀመሪያው ነጭ አረፋ ነው። እርሱ ሲታይ ያልወጣ አይውጣ፤ የወጣም ወደ ቅርቡ ዳርቻ ይዙር።

ትንበያን ለውኃ ጉዞ ማንበብ

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ ገበሬው ለዘር፣ ለአጨዳና ለውቂያ ይጠቀምበታል። ለውኃ ጉዞ ግን ጥያቄው ይለያል፤ ዝናብ የለም ማለት ነፋስ የለም ማለት አይደለም። በእጅ ስልክ ትንበያ የሚከታተሉ ሰዎች የሚከተሉትን ልብ ማለት አለባቸው።

አንደኛ፣ ሰዓቱ። በስልኩ ላይ 15 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አንዳንድ ገጾች ደግሞ የሚያሳዩት የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ መለኪያው። በሜትር በሴኮንድ የተሰጠ ፍጥነት በ3.6 ሲባዛ ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይለወጣል፤ 1 ኖት ደግሞ 1.85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። 10 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር እንደ መለኪያው 10፣ 18.5 ወይም 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ አቅጣጫው። የሰሜን ነፋስ ማለት ከሰሜን የሚመጣ እንጂ ወደ ሰሜን የሚሄድ አይደለም።

አራተኛ፣ አማካዩና ከፍተኛው። ትንበያው ከአማካይ ፍጥነት በተጨማሪ ነፋሱ ለአፍታ የሚደርስበትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚገልጽ ከሆነ ውሳኔው በከፍተኛው ይሁን።

ሰማዩም ራሱ ይናገራል። በጉና ተራራ በኩል ወደ ላይ የሚያድግ ጥቁር ደመና፣ ድንገት ጸጥ ያለ ሙቀትና ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ በውኃው ላይ እየቀረበ የሚሄድ ጥቁር መስመር የወጀብ ምልክቶች ናቸው። ቀዝቃዛው ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ ስለሚደርስ ዝናቡን መጠበቅ መዘግየት ነው። መብረቅ ታይቶ እስከ 30 ቢቆጠር ነጎድጓዱ ከዚያ በፊት ከተሰማ ደመናው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ነው፤ ከውኃ መውጣት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል።

ታንኳው፣ ጭነቱ እና ሰዎቹ

የደንገል ታንኳ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ በከበደ መጠንም ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ከአገልግሎት በኋላ ወደ የብስ አውጥቶ ማድረቅ ለዕድሜው ብቻ ሳይሆን ለደኅንነትም ነው። አዲስ ታንኳ የተሸከመውን ጭነት ውኃ የጠገበው አይችለውም።

ታንኳ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ውኃ ቢያጥለቀልቀውም በቀላሉ አይሰጥምም። አደጋው ሰውና ጭነት ከላዩ መንሸራተታቸው ነው። ስለዚህ ከተገለበጠ ታንኳውን ይዞ መቆየት ቅርብ ወደሚመስል ዳርቻ ከመዋኘት ይሻላል፤ በውኃ ላይ ርቀት አጥሮ ይታያልና።

የሕይወት አድን ጃኬት ያለው ይልበሰው፤ ተቀምጦበት መሄድ አይጠቅምም። የሌለው በደንብ የተከደኑ ባዶ ጀሪካኖች በገመድ አስሮ ይያዝ። ነፋስ ከበረታ ጭነት መጣል፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ጎንን ሳይሆን ጫፍን ለሞገዱ መስጠት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ ከመነሣት በፊት መንገዱንና የመመለሻውን ሰዓት በዳርቻ ለሚቀር ሰው መንገር ይገባል። መረብ ውስጥ ያደረ ዓሣ ሊበላሽ፣ የገበያው ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ ሰዎችን በነጭ አረፋ ውስጥ እንዲቀዝፉ የሚገፋቸውም ይኸው ኪሳራ ነው። ይሁንና በደሴት ላይ ማደር የዘገየውን ሰው ቤተሰቡ እንደ ጠፋ እንዳይቆጥረው አስቀድሞ የተነገረ ስምምነት ካለ፣ ነፋሱ እስኪበርድ መቆየት ቀላል ውሳኔ ይሆናል።