ያልተቆጠረው ፈረቃ፦ አቃቂና የሴቶች ጊዜ

የአቃቂ የሥራ ታሪክ ሲነሣ የተለመደው ትረካ ከባቡሩ ይጀምራል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር መንገዱ በአቃቂ በኩል ስለነበር ቀስ በቀስ ፋብሪካዎች በዙሪያው ተተከሉ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በህንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ትረካው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበርና ስለ ንብረት ባለቤትነት ያወራል። ለመሆኑ የፋብሪካው ሠራተኛ ጠዋት የበላውን እንጀራ ማን ጋገረው? ልብሱንስ ማን አጠበው? በዚህ ላይ ታሪኩ ዝም ይላል።

ዝምታው ግን እንዲያው የመጣ አይደለም፤ ሕግም ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው። አንቀጽ 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ አገልጋይ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ እርሷ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ደነገገ። ድንጋጌው የሚለቅቀው አንድም ሰዓት የለም፤ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ፣ ሚስቲቱ ወይም ሠራተኛዋ፣ ማጀት መገኘት አለባት። የፈትል ማሽን ላይ ውላ የምትመለስ ሴትም በዚህ ሕግ ዓይን ሁለተኛውን ፈረቃ ያለ ደመወዝ ትጀምራለች።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ የምርት መሣሪያ የሕዝብ ሆነ ተባለ። ምድጃው ግን አልተወረሰም። እንዲያውም የሴቲቱ ጊዜ ተጨማሪ ጠያቂ አገኘ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር መጡ። ማንበብ መማርም መደራጀትም በራሳቸው መልካም ነበሩ፤ ነገር ግን ለትምህርቱም ሆነ ለስብሰባው የሚሆነው ሰዓት ከቤት ሥራው ላይ አልተቀነሰላትም፤ ከእንቅልፏ ተቀነሰ እንጂ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1975 ጥቅምት ወር ከአይስላንድ ሴቶች 90 በመቶ ያህሉ ለአንድ ቀን ከመሥሪያ ቤትም ከጓዳም ሥራ አቁመው አገሪቱን ቀጥ አድርገዋት ነበር። እኛ ዘንድ ስለ ጭቁን መደብ ብዙ በተባለበት ዘመን ይህ ጥያቄ ከመደብ ትግል ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጥር 1983 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት 156ኛ ስምምነት አጸደቀች። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ከተሟገቱለት በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀረ፤ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩም ደነገገ። ይህ ትልቅ ድል ነው።

ሆኖም አለቅነት ሲሻር ጊዜ አብሮ አልተካፈለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። እናት ለማገገም ረዘም ያለ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት አያከራክርም። አባትን በአራተኛው ቀን ወደ ፋብሪካ የሚመልሰው ሕግ ግን ሕፃኑን ማሳደግ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይናገር ተናግሯል። ይኸው አዋጅ የቤት ሠራተኛዋን ከጥበቃው ውጭ አድርጎ ጉዳይዋን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። ስለዚህ የቢሮ ሠራተኛዋ ሴት የምታገኘው ነፃ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከባሏ የተካፈለችው ሳይሆን ከገጠር ከመጣች ሌላ ሴት የገዛችው ነው።

ዕረፍትም ቢሆን ጾታ አለው። ሕጉ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ የሥራን ጣሪያ ሲያበጅ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ ብቻ ቆጥሯል። በበዓል ቀን ፋብሪካው ይዘጋል፤ ማጀቱ ግን ከወትሮው ይበልጥ ይጦፋል። ዶሮው የሚበለትበትና ቡናው የሚፈላበት ያ ቀን ለማን ነው በዓል?

በ2005 ዓ.ም. ያኔ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ማካሄዱ፣ ለዘመናት ያልታየው ሥራ ቢያንስ ሊቆጠር እንደሚችል አሳይቷል። መቆጠሩ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በዚህች አገር የመሬት ባለቤት ማን ነው፣ የፋብሪካ ባለቤት ማን ነው በሚል ትውልድ አልቋል። የአንዲት የአቃቂ ሠራተኛ የምሽት 2 ሰዓት ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄም ከእነዚያ የማያንስ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። የሕፃናት ማቆያ በየሥራ ቦታው ሲከፈት፣ የአባት ፈቃድ ሲረዝም፣ የቤት ሠራተኛዋም በሕግ ስትታቀፍ ያን ጊዜ ስለ እኩልነት እንነጋገራለን።