የተፈወሰ ጉድለት እንዳይመለስ፤ ስለ ዲስክ ድራይቨሮች አጭር ታሪክ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ከመደረሱ በፊት፣ ጅጋ ትገኛለች። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ለአንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ለዓመታት ያለ እንከን ያገለገለ መሣሪያ ቀረበለት እንበል። ባለሙያው የሊኑክስን ከርነል፣ ማለት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አስኳል፣ በአዲስ ቢተካው መሣሪያው “ዲስኩን አላገኘሁም” ብሎ ቆመ። ዲስኩ ግን ደኅና ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨር በከርነሉና በዲስኩ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የመጀመሪያውን ሊኑክስ ባወጣ ጊዜ የዲስክ ድራይቨሩ የተጻፈው ለራሱ መሣሪያ ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩ ልዩ ዲስኮችና መቆጣጠሪያ ቺፖች እየበዙ ሲሄዱ፣ አይዲኢ የተባለው የድራይቨር ክፍል ለእያንዳንዱ ጠባይ የሚስማማ ትእዛዝ እየተጨመረበት አደገ።

ከቺፖቹም አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ጉድለት ይዘው የወጡ ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አርዜድ 1000 የተባለው ቺፕ ከዲስክ የሚነበበውን መረጃ አስቀድሞ በሚያከማችበት ጊዜ፣ ምንም የስሕተት ምልክት ሳያሳይ መረጃውን ሊያበላሽ እንደሚችል ታወቀ። በዶስ ዘመን መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራ ስለነበር ጉድለቱ እምብዛም አልተገለጠም፤ ብዙ ሥራ በአንድነት የሚያካሂዱ ሲስተሞች ሲመጡ ግን ወደ አደባባይ ወጣ። ሲኤምዲ 640 የተባለው ደግሞ ሁለቱን የዲስክ መስመሮቹን ባንድነት ማስተናገድ አይችልም ነበር። የሊኑክስ ጸሐፊዎች በፊተኛው ቺፕ ላይ አስቀድሞ ማንበብን ዘጉ፤ በኋለኛው ላይ ሁለቱ መስመሮች በየተራ እንዲሠሩ አደረጉ። ፍጥነቱ ጥቂት ቀነሰ፤ መረጃው ግን ዳነ።

በ2003 ጄፍ ጋርዚክ ሊባታ የተባለውን አዲስ የድራይቨር ክፍል ጀመረ። አለን ኮክስ ለአሮጌዎቹ ቺፖች የጻፋቸው ብዙ ድራይቨሮችም በ2006 ወደ ከርነሉ ገቡ። እንዲህ ባለው ሥራ ትልቁ አደጋ “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” እንደሚባለው ነው፤ አዲሱን ለማሳመር ሲባል አሮጌው የተማረውን መጣል ይመጣል። በአርዜድ 1000 ግን ይህ አልደረሰም፤ ጥንቃቄው ወደ አዲሱ ተሻገረ። ሳይሻገር የቀረው የዲስኩ መጠሪያ ነው። በአሮጌው ክፍል “ኤችዲኤ” ይባል የነበረው በአዲሱ “ኤስዲኤ” ተባለ። የጅጋው መሣሪያ የቆመውም የማስነሻ መዝገቡ ዲስኩን በቀድሞ ስሙ ይፈልግ ስለነበር ነው። መድኃኒቱ ከመጠሪያው ይልቅ በዲስኩ ክፍል ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር በመዝገቡ ማስፈር ነው። አሮጌው የአይዲኢ ክፍል በ2021፣ በ5.14ኛው ከርነል፣ ከናካቴው ሲወገድ የአርዜድ 1000 ጥንቃቄ በአዲሱ ክፍል ውስጥ ተጠብቆ ነበር።

ጎጃም የቅኔና የብራና አገር ናትና ነገሩ በዚያ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም። በኅዳግ የሰፈረችውን እርማት እንደ እድፍ ቆጥሮ የሚያልፋት ጸሐፊ፣ የታረመውን ስሕተት በአዲሱ መጽሐፍ ይመልሰዋል። በድራይቨር ውስጥም ትርጉም የሌላት የምትመስል አንዲት መስመር የብዙ ሰዎች የጠፋ መረጃ መታሰቢያ ልትሆን ትችላለች።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። መሣሪያ ብዙ ዓመት በሚያገለግልበት አገር፣ በአሮጌ ዲስክ ላይ አዲስ ከርነል መጫን የዘወትር ሥራችን ነው። በዲስኩም ላይ ያለው የተማሪ ውጤት ወይም የገበሬ የመሬት ይዞታ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ሳያሰማ የተበላሸ መዝገብ ደግሞ ባለቤቱ በሚፈልገው ቀን ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ከርነል ከመለወጣችን በፊት ቅጂ እንያዝ፤ ጉድለት ባገኘን ጊዜም የመሣሪያውን ዓይነት፣ የከርነሉን ቁጥር፣ የተደረገውን ጥገናና ከሁሉም በላይ ምክንያቱን በደብተር እንጻፍ። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ጥገና ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ባልደረባ እድፍ መስሎ ይታየዋልና።