የነዳጅ ታንክ ሥፍራና የሰው ሕይወት

የአውቶሞቢል ታሪክ በተጻፈ ቁጥር በቅድሚያ የሚወሳው ሞተሩ ነው። ነዳጁን የሚይዘው ታንክና ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ቱቦ እምብዛም አይነሡም። ይሁን እንጂ የታንኩ ሥፍራና አገጣጠም የብዙ ሰዎችን ሞትና ሕይወት የወሰነ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1908 የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ ታንኩ ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ነበር። የነዳጅ ፓምፕ ስላልነበረው ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶሩ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው። በመሆኑም ታንኩ ሲጎድልና ዳገቱ ሲበረታ ካርቡራቶሩ ከነዳጁ በላይ ይውልና ሞተሩ ይጠፋል። ሾፌሮችም መኪናውን አዙረው በኋላ ማርሽ ዳገቱን ይወጡ ነበር። በ1927 መጨረሻ የተተካው ሞዴል ኤ ታንኩን ከፊት መስተዋቱ ሥር፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት አደረገው። የፍሰቱ ችግር ተቃለለ፤ ቤንዚኑ ግን ከሰው አልራቀም።

ፓምፕ ከተስፋፋ በኋላ ታንኩን ወደ ኋላ መውሰድ ተቻለ። ይህም ከአደጋ አላዳነም። በ1970 ለገበያ የቀረበው ፎርድ ፒንቶ ታንኩ በኋላ አክስሉና በፓራውልቱ መካከል ነበር። ከኋላ በሚገጨበት ጊዜ ታንኩ ከአክስሉ ጋር ተጋጭቶ ሊቀደድ፣ የመሙያው ቱቦም ሊነቀል ይችል ነበር። ብዙ ሕይወት ከጠፋና ክስ ከተመሠረተ በኋላ፣ በ1978 አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ፒንቶና መሰል መኪናዎች ለእርማት ተጠሩ። እርማቱም የፕላስቲክ መከላከያና ረዘም ያለ የመሙያ ቱቦ ነበር።

ታንካቸው ለየብቻ በሚሠራላቸው የእሽቅድምድም መኪናዎች ዘንድ ትምህርቱ ቀደም ብሎ ተገኝቷል። ግንቦት 30 ቀን 1964 በኢንዲያናፖሊስ ውድድር በሁለተኛው ዙር ዴቭ ማክዶናልድና ኤዲ ሳክስ በቤንዚን እሳት በታጀበ ግጭት ሞቱ። ከዚህ በኋላ ተወዳዳሪዎቹ ከቤንዚን ወደ ሜታኖል ፊታቸውን አዞሩ። ለጦር አውሮፕላን የተፈጠረው የጎማ ከረጢትም በታንኩ ውስጥ ገባ፤ በውስጡ የሚሞላው ስፖንጅ የነዳጁን መናወጥ ይገታል።

ስለዚህ ዛሬ በጋራዥ ውስጥ ለአሮጌ መኪና አዲስ ታንክ የሚበይድ ባለሙያ የሚሠራው ዕቃ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም። ታንኩን ከግጭት በሚሸሸግ ሥፍራ፣ በሻንሲው ላይ አጥብቆ ማሰር አለበት። መተንፈሻ ከሌለው ነዳጁ ሲመጠጥ በውስጡ ባዶነት ተፈጥሮ ፍሰቱ ይቆማል፤ መኪናው ሲገለበጥ የማይዘጋ መተንፈሻ ደግሞ ቤንዚኑን ያፈሳል። ቱቦውም ከማርሚታው ካልራቀ ሙቀቱ ነዳጁን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። በሻንሲውና በሚንቀጠቀጠው ሞተር መካከል ተጣጣፊ ቱቦ ካልገባ፣ ብረቱ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

እነዚህ ደንቦች ከመጽሐፍ ከመግባታቸው በፊት በመንገድና በውድድር ሜዳ ላይ ሕይወት ተከፍሎባቸዋል። ባለሙያው በገዛ እጁ በሚሠራው ታንክ ላይ ሁለተኛ እንዳይከፈልባቸው የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት።